«ከበር ከወጣ የእኛ አይደለም»፦ ስለ መጠጥ ቤት ጥበቃዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞንና ለደብረ ብርሃን ከተማ የንግድ ፈቃድ፣ የፖሊስ፣ የሰላምና ጸጥታ እንዲሁም የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች፤
ለመጠጥ ቤት፣ ለግሮሰሪና ለምሽት ክበብ ባለቤቶች፤
በር ላይ ለምትቆሙ ወንድሞችና እህቶች፤

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሥራ ነው። በየመጠጥ ቤቱ በር ላይ ስለሚቆመው ሰው ሥራ። አንዳንዱ ዘበኛ ይለዋል፣ አንዳንዱ ጥበቃ፤ ልጆቹ ባውንሰር ይሉታል። ስሙ የፈለገው ይሁን። በዚህ ሰው እጅ ላይ በየምሽቱ የሰው ነፍስ ይወድቃል። ሥራውን እንዴት መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ወረቀት ግን የለውም። በጠየቅኳቸው ቤቶች ሁሉ አላገኘሁም።

ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ።

አምና ታኅሣሥ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። 24 ዓመቱ ነው። ጠጣ፣ አበዛ። ይህን አልክድም። ከጎን ጠረጴዛ ካለ ሰው ጋር ተነታረከ፤ ብርጭቆም ሰበረ። ጥበቃዎቹ መጡ። እስከዚህ ድረስ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሆነው ብብቱን ይዘው አወጡትና ደረጃው ላይ ገፈተሩት። እጁን አስቀድሞ ወደቀ፤ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ስልኩን «ብርጭቆውን ሳትከፍል አታገኛትም» ብለው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠውታል። እሱ በሸሚዝ ነው። በሩ ተዘጋ።

ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት አካባቢ ነበር። ጓደኞቹ ሒሳብ ሲከፍሉ ቆይተው ሲወጡ አጡት። ቤቱ የገባ መሰላቸው። እኛ ደግሞ እነሱ ጋር ያደረ መሰለን። ብንደውል ብንደውል የሚያነሳ የለም።

ያገኙት ሊነጋጋ ሲል ለኪዳን የሚሄዱ እናቶች ናቸው። አስፋልቱ ዳር፣ ዲቹ አጠገብ ተኝቷል። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። አንዷ እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ሸፈኑት። ሌላዋ ባጃጅ ሊያስቆሙ አስፋልቱ መሀል ገቡ። ሆስፒታል ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ግን አይንቀጠቀጥም። እኔ ብርዱ የለቀቀው መስሎኝ «ተመስገን» አልኩ። ነርሷ ብርድ ልብስ እየደራረበችለት ዞር ብላ አየችኝና፣ «እህቴ፣ መንቀጥቀጥ ማቆሙ እኮ ነው የሚያስፈራው» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። እጁ ግን እስካሁን ከባድ ነገር ሲያነሳ ያመዋል።

የቤቱን ስም አልጽፍም። አንድ ቤት ለማዋረድ አይደለም የተነሳሁት። ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮም ያው ይሆን ነበር። ይህን ያወቅኩት ከሁለት ቀን በኋላ ስልኩን ልቀበል ስሄድ ነው። ከጥበቃዎቹ አንዱን አናገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። ከወንድሜ በሁለት በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። የሆነውን ስነግረው ደነገጠ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀጥሎ ያለኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። «እህቴ፣ እኛ እኮ ከበር ከወጣ የእኛ አይደለም ነው የተባልነው።»

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱን ከሁሉም ቤት በር ላይ እንድትፍቁልኝ ነው የምለምናችሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል እዚህ ላደገ ሰው አይነገርም። ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያደረው ውኃ ላይ ስስ በረዶ እናገኛለን። ውርጭ ባቄላውን ሲመታው ማሳው በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። አገር እኛን የሚያውቀን በብርድ ልብስ ፋብሪካችን ነው። ኋላ ደግሞ ቢራ ጠማቂዎቹ መጡ፤ ዳሽንም ሐበሻም እዚሁ ይጠመቃሉ። አረቄውማ የቆየ ነው። ብርድም መጠጥም በሞላበት ከተማ የሁለቱን ግንኙነት ጥበቃ የሚያህል ማወቅ ያለበት ሰው የለም።

አረቄ ያሞቃል እንላለን። የሚያሞቀው ቆዳን ነው። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። ደሙ ወደ ቆዳ ይመጣል፤ ሰውየው ሙቀት ይሰማዋል። በዚያው ልክ የውስጥ ሙቀቱ ወደ ውጭ እየወጣ ያልቃል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሐኪሞች የሚቸኩሉት በምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ሰውየው ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይደነዝዛል። መንገደኛው አይቶ «ሰክሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ወንድሜንም ስንት ሰው እንዲህ ብሎ አልፎት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ከጣርማበር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ይህ ብርድ የለም። እዚያ ሌላ ነገር አለ። የደሴው መንገድ ከተማዋን ያቋርጣል፤ ከባድ መኪና ይመላለስበታል። ከበር የተገፋ ሰካራም የሚያርፈው አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ የደብረ ብርሃንን ነገር ብቻ አትዩት። በየከተማው ከበሩ ውጭ ምን እንዳለ የሚያውቀው የዚያ ከተማ ጥበቃ ነው።

አሁን ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ላሳያችሁ።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል አንዲት ትንሽ ግሮሰሪ አለች። በሯ ላይ የሚቆሙት አንድ አባት ናቸው። አሮጌ ካፖርት፣ ሹራብ ኮፍያ፣ እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ። አንድ ምሽት ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋቸው። አንድ ጎረምሳ ውስጥ ረብሾ አስተናጋጇ ጠራቻቸው። ገቡ። አንገቱን አላነቁትም። ክርኑን ያዝ አድርገው ጆሮው ላይ አንድ ነገር አሉት። ልጁ ሰደባቸው። ዝም አሉት። ጃኬቱን ከወንበር አንስተው አንድ እጁን፣ ከዚያ ሌላውን እጁን እንደ ሕፃን አለበሱት። በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰማኝ። «ልጄ፣ ቢራው ነገም አለ። ዛሬ እናትህ በር ሳትቆልፍ ነው የምትጠብቅህ።» ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ባጃጅ ጠርተው አሳፈሩት። የባጃጇን የጎን ቁጥር በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፉ። ለሾፌሩ፣ «አድርሰኸው ደውልልኝ፤ እጠብቃለሁ» አሉት። ስልኩን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሲደወልላቸው ነው ወደ ምድጃቸው የተመለሱት።

ተሻግሬ ሰላም አልኳቸው። ይህን የት እንደተማሩት ጠየቅኳቸው። «ማን ያስተምረኛል ልጄ፤ እኔም የወለድኩት አለኝ» አሉኝ።

እኚህ አባት በሩ ላይ ያሉበት ቤት የገባ እድለኛ ነው። ወንድሜ ሌላ ቤት ገባ። የሰው ሕይወት በየትኛው በር እንደገባ ሊወሰን አይገባም። እሳቸው በልባቸው የሚያውቁት ነገር በወረቀት ይጻፍ፤ ለሌሎቹም ይሰጥ። የምጠይቀው ይኸው ነው።

ምን ይጻፍ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ይህን እላለሁ፦ ከቤት የሚወጣ ሰው ልብሱን፣ ስልኩንና መታወቂያውን ይዞ ይውጣ። መቆም የማይችል ሰው ብቻውን አይለቀቅ። የሚወስደው ሰው ወይም መኪና እስኪመጣ ከበሩ ከለላ ሥር ይቀመጥ። ራሱን የሳተ ካለ በጎኑ ይተኛ፤ በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል። ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ «ይተኛበት» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ በየበሩ ይለጠፍ።

ከዚያ የኃይል ነገር አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከል ይፈቅዳል። ግን ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ይሁን ይላል። የወደቀ ሰው ላይ የሚያርፍ እርግጫ መከላከል አይደለም። ወደ ቤቱ መንገድ የጀመረን ሰው ተከትሎ መምታትም እንደዚያው። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛ ቢሆን እንኳ፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚለው ሳይዘገይ ለፖሊስ አስረክቡ ነው። ጓሮ ወስዳችሁ ቅጡት አይልም።

አንድ ነገር በተለይ እንዲጻፍ እለምናለሁ። ሰውን በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥ ወይም በጉልበት መጫን ይገድላል። ደረቱና ሆዱ ከመሬት ጋር ሲጣበቁ አየር የሚስብበት ቦታ ያጣል። የጠጣና የታገለ ሰው ደግሞ ድሮውንም ትንፋሹ አጥሯል። አየር ሲያጣ ይወራጫል። የያዙት ሰዎች «አሁንም እየታገለ ነው» ብለው የበለጠ ይጫኑታል። መያዝ ግድ ከሆነ ወዲያው ወደ ጎኑ ወይም ወደ መቀመጥ ይመለስ። «መተንፈስ አቃተኝ» ያለ ሰው ይለቀቅ። ይህን የሚያስተምር ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሆስፒታላችን ነርሶች በአንድ ከሰዓት በኋላ ያሳያሉ።

ስለ ስልክ ማስያዝ ደግሞ ላንሳ። ብዙ ቤት የተለመደ ነው። ሒሳብ የጎደለው ሰው ስልኩን ወይም መታወቂያውን ይነጠቃል፤ አንዳንዴም በሩ ይቆለፍበታል። ጥበቃ ዕዳ ሰብሳቢ አይደለም። በሩን የሚይዘው ሰው ገንዘብ መጠበቅ ሲጀምር ሰው መጠበቅ ይረሳል። በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር በብራዚል ሳንታ ማሪያ በምትባል ከተማ፣ ኪስ የሚባል የምሽት ክበብ በእሳት ተያያዘ። በር ላይ የነበሩት ጥበቃዎች ሕዝቡ ሒሳብ ሳይከፍል ሊያመልጥ መስሏቸው መጀመሪያ ላይ መንገድ ዘጉ። 242 ሰው ሞተ። ጭሱን ያወቁት ዘግይተው ነው። የእኛ ቤቶች ብዙዎቹ አንድ በር ነው ያላቸው። ኃላፊዎች፣ አንድ ምሽት ዞር ዞር ብላችሁ የኋላ በሩ ከውጭ ተቆልፎ እንደሆነ እዩልኝ።

ሴት እንግዳን ወንድ አይፈትሽ። ሴት ፈታሽ ያልቀጠረ ቤት ቦርሳ ከማየት አይለፍ። አስተናጋጆቹንም አትርሱ። ሌሊቱን ሙሉ የማንም እጅ ሲጎትታቸው ያድራል። ጥበቃ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ እሷን ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደንበኛው ነው፤ ከፋዩ እሱ ስለሆነ።

የዕድሜው ነገር ሕግ አለው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ አላት። ገና የመጀመሪያ ዓመት የሆኑ ልጆች አርብ ማታ የት እንደሚሄዱ እናውቃለን። መታወቂያ የሚጠይቅ በር ግን አላየሁም። ጥበቃው ቢጠይቅ ባለቤቱ «ደንበኛ አባረርክብኝ» ይለዋል። ስለዚህ ትእዛዙ ከባለቤቱ ይምጣ፣ በጽሑፍም ይሁን። ልጁ ጥበቃውን በ«የሻይ» አንድ መቶ ብር ሊያልፈው ሲሞክርም ያ ጽሑፍ መመለሻ ይሆነዋል።

በአንጻሩ ደግሞ መግባት የሚገባው ሰው ሲመለስ አይቻለሁ። በከተማችን ብዙ ተፈናቃይ ወገኖቻችን አሉ። አንድ ምሽት አንድ ወጣት በልብሱና በአነጋገሩ «ከመጠለያ ነው» ተብሎ ከበር ሲመለስ ዓይኔ አየ። ገንዘቡን በእጁ ይዞ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። እኔ ግን ሕጉን ትቼ የልጁን ፊት ብታዩት ብዬ ተመኘሁ።

መሣሪያ ይዞ ስለሚመጣ ሰውም ዝም ልል አልችልም። እነዚህን ዓመታት አካባቢያችን እንዴት እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ። ዱላ የያዘ ጥበቃ ሽጉጥ ከታጠቀ ሰካራም ጋር እንዲታገል መጠበቅ ግፍ ነው። ወደ ማን እንደሚደውል፣ ሰውን በየትኛው በኩል እንደሚያሸሽ ከፖሊስ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። በዚያ ሰዓት ቁጥር መፈለግ አይቻልም።

እስካሁን ጥበቃው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው የጻፍኩት። አሁን ለእሱ ምን ይደረግለት የሚለው አለ፤ እኔ የበለጠ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው።

ያ ዓይኑ እንባ ያቀረረው ልጅ ማታ 12 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት ነው የሚወጣው። በሳምንት ሰባት ቀን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። በሳምንት አንድ ጊዜም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ልጁ የዕረፍት ቀኑ መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። የቀጠረው ኤጀንሲ ነው፤ ቤቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለውን አያውቀውም። እጁ ላይ የሚደርሰው የቤት ኪራዩን ከፍሎ ለምግብ የሚተርፍ አይደለም። ማታ እራቱ ደንበኛ የሚልክለት ነገር ነው። ደንበኛ የሚልከው ደግሞ ቢራና አረቄ ነው። «ብርዱን በምን ልቻለው?» አለኝ። ወንድሜን በገፈተረበት ሌሊት እሱም ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ።

በሥራ ላይ ያለ ጥበቃ አይጠጣም። ይህ የደንቡ ትልቁ መስመር ይሁን። ነገር ግን መስመሩን የሚጽፍ ሰው ትኩስ ሻይ፣ እራትና ካፖርትም ይጻፍ። ሦስት መቶ ሰው ላለበት ቤት አንድ ጥበቃ ማቆምም ይቅር። ብቻውን የሆነ ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይመታል።

ባለቤቶች፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። «ኤጀንሲው ነው የላከው» ማለት ፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ ፊትም አያስኬድም። እኛ አልከሰስንም። ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብ ግን ሊከስ ይችላል፤ ልጁም ላይተርፍ ይችላል።

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር በዚሁ ሥራ ላይ ነው። እዚያ በ2001 እንደ እነሱ አቆጣጠር ሕግ ወጥቶ፣ በር ላይ የሚቆም ሰው የራሱ ፈቃድ እንዲኖረው ተደረገ። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ነው የሚቆየው። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ጠብን በንግግር ማብረድ፣ ሰውን ሳይጎዱ መያዝና የመጀመሪያ ርዳታ መማር ግድ ነው። ፎቶና ቁጥር ያለበትን ባጅ ሁሉም በሚያየው ቦታ ያደርጋል። «ባጁ ይከብዳል» አለኝ በስልክ። «ቁጥሬን ማንም ማንበብ እንደሚችል ሳውቅ እጄ ቶሎ አይነሳም።» እዚያም ችግር እንዳለ ነግሮኛል። ግን ማን እንደመታህ ታውቃለህ።

እኛ እንግሊዝን እንሁን አላልኩም። የመጠጥ ቤት ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ኃላፊዎች፣ ለእድሳት ከምትጠይቁት ወረቀት ጋር ይህን ጨምሩ፦ አንድ ገጽ የአማርኛ የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሠለጠኑ ጥበቃዎች ዝርዝር፣ ደረት ላይ የሚነበብ ቁጥር፣ ማን ለምን ከቤት እንደወጣ የሚጻፍበት ደብተር። ሥልጠናውን ፖሊስ፣ የቀይ መስቀል ቅርንጫፍና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ተባብረው መስጠት ይችላሉ። ደንቡን ስታረቁ ያን የጠባሴ አባት ጥሯቸው። እኔ ፈልጌ አመጣቸዋለሁ። ወንድሜም ይመጣል፤ ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቄዋለሁ። ያ ጥበቃ ልጅም «እኔም እናገራለሁ» ብሎኛል።

ደንብ ለማውጣት ስብሰባ ያስፈልጋል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ውርጩ ግን ገብቷል። ስለዚህ ባለቤቶች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከበሩ ኋላ ሁለት ጋቢ ስቀሉ። አንዱ ለጥበቃው ነው፤ አንዱ መኪና እስኪመጣ ለሚጠብቅ ሰው።

ለኪዳን ሲሄዱ ወንድሜን ለሸፈኑት እናት፦ ያን ቀን ግርግር ስለነበር ስምዎን እንኳ አልጠየቅንም። ነጠላ ለብሰው በዚያ ብርድ መሄድዎን የባጃጁ ሾፌር ነግሮናል። ጋቢዎ ታጥቦ ታጥፎ እኛ ቤት አለ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ይህ ጽሑፍ ከደረስዎ ሆስፒታሉ በር ላይ ያሉትን ጥበቃ ይጠይቁልኝ፤ ስልኬን ትቼላቸዋለሁ።

የደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ የአንድ ወንድም እህት